የልጆች የቼዝ መጽሐፍ በየትኞቹ ቃላት ይጻፍ?

አማርኛ የሚያነብ ልጅ «ሰንጠረዥ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሚያገኘው በሒሳብ መጽሐፉ ውስጥ ነው። ቁጥሮች በቋሚና በአግድም መስመር ተከፋፍለው የተቀመጡበትን ሣጥን «ሰንጠረዥ 1» ብሎ ያነባል። ከፍ ሲል በስፖርት ዜና የቡድኖችን የደረጃ ሰንጠረዥ ይሰማል፤ ሥራ ሲይዝ የክፍያ ሰንጠረዥ ይሞላል። ቃሉ ከዚህ ሁሉ በፊት የጨዋታ ስም እንደ ነበረ፣ ያም ጨዋታ ዛሬ ከእንግሊዝኛ ወስደን «ቼዝ» የምንለው ጨዋታ የቅርብ ዘመድ እንደ ሆነ የሚነግረው ሰው ካገኘ ልጁ ዕድለኛ ነው።

«ለልጄ የትኛውን የቼዝ መጀመሪያ መጽሐፍ ልግዛለት?» ብሎ ለሚጠይቅ ወላጅ መልሴ የሚነሣው ከቃላት ነው። ገበጣ ለሚጫወት ልጅ ጠጠሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስም አያስፈልጋቸውም። ቼዝ ግን ስድስት ዓይነት ጠጠር አለው፤ እያንዳንዱም በራሱ መንገድ ይሄዳል። ለስድስት ወይም ለሰባት ዓመት ልጅ የጠጠሩ ስም የመጀመሪያው ሕግ ነው። ስሙ ስለ አካሄዱ አንድ ነገር ከነገረው ሕጉን በግማሽ አወቀው ማለት ነው። ስሙ ባዶ ድምፅ ከሆነበት ግን ስድስት ድምፅና ስድስት አካሄድ ለየብቻ መሸምደድ አለበት። ስለዚህ መጽሐፍ ከመግዛታችን በፊት ስሞቹ ከየት እንደ መጡ እንይ።

ነገሩ የሚጀምረው ከህንድ ነው። በሳንስክሪት «ቻቱር» አራት ማለት ነው፤ «አንጋ» ደግሞ የአካል ክፍል። «ቻቱራንጋ» አራት ክፍል ያለው ሠራዊት ሲሆን ክፍሎቹም ዝሆን፣ ሰረገላ፣ ፈረሰኛና እግረኛ ናቸው። ጨዋታው ወደ ፋርስ ሲሻገር ስሙ አጠረና «ቻትራንግ» ሆነ። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐረቦች ፋርስን ሲይዙ ጨዋታውንም ወረሱ፤ ነገር ግን ጥንታዊው የጽሑፍ ዐረብኛ «ቸ»ም «ገ»ም ስለሌለው «ቸ» ወደ «ሸ»፣ «ገ» ወደ «ጀ» ተለወጠና «ሸጥረንጅ» ተባለ። አማርኛው «ሰንጠረዥ» ከዚህ የወጣ ነው። «ሸ» ወደ «ሰ» ለዘበ፣ ከመጨረሻው ፊደል በፊት የነበረው «ን» ወደ ፊት ዘለለ፣ «ጅ» ደግሞ «ዥ» ሆነ። ብዙም የማይስተዋለው፣ ግን ትልቁ ማስረጃ «ጠ» ነው። ዐረቦች ይህን ቃል የሚጽፉት «ሱልጣን» በሚለው ቃል ውስጥ ባለው ጠንካራ ድምፅ ነው፤ የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮም ያን ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ «ጠ» ብሎ ይቀበለዋል። ቃሉ በቀጥታ ከህንድ ወይም ከፋርስ፣ ወይም ኋላ ከመጡት አውሮፓውያን አፍ ቢወሰድ ኖሮ «ጠ» ላይገባበት ይችል ነበር። ጨዋታው ወደ እኛ ከዐረቦች ጋር መምጣቱን የሚጠቁመው ይህ አንድ ፊደል ነው።

የአገራችን የሰንጠረዥ ሰሌዳ እንደ ዛሬው የቼዝ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ የተቀባ አልነበረም። በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ በቋሚና በአግድም እየተሰፋ 64 ቤት ይወጣለት ነበር። ዓይን የሚያየው መስመር ብቻ ነው። በኋላ ዘመን የሒሳብና የስታቲስቲክስ መጻሕፍት በአማርኛ ሲዘጋጁ፣ በመስመር ለተከፋፈለው የቁጥር ሣጥን ስም ሲፈለግ «ሰንጠረዥ» የተገኘው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ቃሉ ጨዋታውን ትቶ ሰሌዳውን ብቻ ይዞ ቀረ። ጨዋታው ደግሞ ሲመለስ ባዕድ ስም ለብሶ መጣ።

ባዕዱ ስም «ቼዝ» ከየት እንደ መጣ ለልጅ መንገር ደስ ይላል። የፋርስ ንጉሥ «ሻህ» ይባል ነበር። ንጉሡ ጥቃት ላይ ሲወድቅ ተጫዋቹ «ሻህ» ብሎ ያስጠነቅቅ ነበርና አውሮፓውያን ጨዋታውን በዚያው ጥሪ ጠሩት። በጥንታዊ ፈረንሳይኛ «ኤሼክ» ሆነ፤ የብዙ ቁጥሩን እንግሊዞች ወስደው «ቼስ» አሉት። ጀርመኖች «ሻኽ» ይላሉ። እንግዲህ «ቼዝ» ማለት በሥሩ «ነገሥታት» ማለት ነው።

ሩሲያውያን ጨዋታውን «ሻኽማቲ» ሲሉ የጨዋታውን መጨረሻ ጨምረው ነው፤ «ሻህ ማት»። ዐረቦች «ማት»ን «ሞተ» ብለው ሰሙት፤ ዐረብኛው «ማተ» እና የእኛ «ሞተ» የአንድ ሥር ልጆች ስለሆኑ አማርኛ ተናጋሪም እንዲሁ ይሰማዋል። የፋርሱ ቃል ግን «መውጫ አጥቶ ቀረ» ወደ ማለት ይቀርባል፤ የጨዋታውም እውነት ይኸው ነው። ልጆች ይህን ይሳሳቱታል። በዳማ የለመዱት መብላት ነውና ንጉሡንም ሊበሉት ይፈልጋሉ። ጥሩ የልጆች መጽሐፍ ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች «ንጉሥ አይበላም» ብሎ ይነግራቸዋል፤ ማት ማለትም ንጉሡ መውጫ ሲያጣ መሆኑን በሥዕል ያሳያቸዋል። ይህን አድበስብሶ የሚያልፍ መጽሐፍ ካያችሁ ተዉት። ልጁ ለወራት ይደናገርበታል።

ጠጠሮቹን ከታች እንጀምር። በአገራችን ሰንጠረዥ ትንሹ ጠጠር «መደቅ» ይባል ነበር። ፋርሶች «ፒያዳ» ሲሉት ዐረቦች «በይደቅ» አሉት። ከዚያ «በ» ወደ «መ» ዞሮ «መደቅ» የተወለደ ይመስላል፤ ሁለቱም ከንፈር ተገጥሞ የሚወጡ ድምፆች ናቸውና ሽግግሩ ቀላል ነው። የፋርሱ «ፒያዳ» «በእግሩ የሚሄድ» ማለት ነው። የላቲኑ ቃልም እንደዚሁ ከእግር የወጣ ነው፤ የእንግሊዝኛው «ፖውን» የዚያ ቅሪት ነው። ሩሲያኛው «ፔሽካ» እግረኛን ያመለክታል። ዕብራይስጡ «ራግሊ» ይለዋል፣ ከ«ሬጌል» ማለትም ከእግር ወስዶ። ከዚህ መንገድ የወጡት ጀርመኖች ናቸው፤ ገበሬ ብለውታል።

ታዲያ አማርኛ «እግረኛ» የሚል ቃል ይዞ ተቀምጧል! እግረኛ ጦር፣ ፈረሰኛ ጦር ስንል የኖርነው ይህንኑ ክፍፍል ነው። ይህን ጠጠር «ወታደር» ብሎ መጥራት ስሕተት ነው አልልም፤ ግን በሰሌዳው ላይ ያለው ሁሉ ወታደር ነው። «እግረኛ» ስንለው ልጁ ጠጠሩ በእግሩ እንደሚሄድ፣ ስለዚህም አንድ አንድ እርምጃ እያለ እንደሚራመድ ወዲያው ይገባዋል። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሲደርስ የሚያገኘውንም ነገር አማርኛ ከማንም በተሻለ ይጠራዋል፦ እግረኛው ይሾማል። ሹመት የሚለው ቃል ለኢትዮጵያዊ ልጅ ማብራሪያ አያሻውም።

ስለ ሹመት ካነሣሁ አይቀር፣ የጥንቱ የጦር ማዕረጋችን ራሱ የተዘረጋ የጦር ሰፈር ነው። ቀኛዝማች የቀኙን ክንፍ፣ ግራዝማች የግራውን ይመራል፤ ደጃዝማች በደጅ ነው፤ ፊታውራሪ ከፊት ይቀድማል። ይህ የጦር ቋንቋ ጨዋታው ውስጥም ነበር፤ በአገራችን የሰንጠረዥ አጨዋወት የመጀመሪያው ክፍል «ወረራ» ይባል ነበር። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እኩል እየተሽቀዳደሙ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፣ ከዚያ ተራ በተራ ይሆናል። «ወረራ» እና የ«ፊታውራሪ» ሁለተኛ ክፍል «አውራሪ» ከ«ወረረ» የወጡ ናቸው። በአገራችን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ይህን አጨዋወት በዝርዝር ገልጾ ጽፏል፤ መጽሐፉም ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ታተመ። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የጨዋታውን ታሪክና ሕግ ሰብስቦ አቀረበ። በእነዚህ ጸሐፊዎች ዘገባ ውስጥ ከሁሉ የማረከኝ የክብር ልማዱ ነው። ንጉሥን በኃያላኑ ጠጠሮች መያዝ እንደ ጨዋነት አይቆጠርም፤ በትንንሾቹ፣ ከሁሉም በላይ በመደቅ፣ ማት ያደረገ ግን ይመሰገናል። ለልጅ ቼዝ የሚያስተምር ሰው ይህን ልማድ ቢያውቅ እላለሁ። ዛሬ በየአገሩ ያሉ ብዙ አሠልጣኞች ለጀማሪ የሚሰጡት የመጀመሪያ ጨዋታ እግረኞችን ብቻ አሰልፎ መጫወት ነውና።

ፈረስ ላይ ብዙ አልቆይም። ግእዙም አማርኛውም ዐረብኛውም «ፈረስ» ይሉታል፤ የዕብራይስጡ «ፓራሽ» ፈረሰኛ ማለት ነው፣ ከዚያው ሥር። እስራኤል ውስጥ ቼዝ የሚማር የቤተ እስራኤል ልጅ አያቱ የሚሉትንና መምህሩ የሚለውን ቃል አጠገብ ለአጠገብ ቢያስቀምጥ አንድ መሆናቸውን ይሰማል። አካሄዱም ከህንድ ከወጣ ጀምሮ አልተለወጠም።

ዝሆኑ ግን ብዙ መከራ አይቷል። የፋርሱ «ፒል» በዐረብኛ «ፊል» ሆነ፤ ዐረብኛ «ፐ» የለውምና። በአገራችን ሰንጠረዥ ይህ ጠጠር «ፊል» ወይም «ሳባ» ይባል ነበር። «ፊል» ለኢትዮጵያ ጆሮ እንግዳ ቃል አይደለም። የየመን ገዥ የነበረው አክሱማዊው አብርሃ ዝሆን አስከትሎ ወደ መካ የዘመተበት ዓመት በእስልምና ታሪክ «የዝሆን ዓመት» ይባላል፤ የቁርኣን 105ኛው ምዕራፍም ስሙ «አል ፊል» ነው። ግእዝ ዝሆንን «ነጌ» ይላል፤ አማርኛ «ዝሆን» ብሎ ሁለቱንም ትቷል። የጥንቱ ፊል ሁለት ቤት በሰያፍ ይዘላል እንጂ እንደ ዛሬው አይንሸራተትም፤ በዚህ አካሄዱ ከ64ቱ ቤቶች ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው።

አውሮፓ ሲደርስ ዝሆን የማያውቅ አገር ገባ። ሙስሊም ጠራቢዎች የሕያው ነገር ምስል ላለመቅረጽ ዝሆኑን ደንደን ያለ ግንድ አድርገው፣ ጥርሶቹን ለማመልከት ሁለት ጉጦች ብቻ ያወጡለት ነበር። እነዚያን ጉጦች እንግሊዞች የጳጳስ አክሊል አድርገው አዩአቸውና ጠጠሩን «ጳጳስ» አሉት፤ ፈረንሳዮች የቤተ መንግሥት አጫዋች ኮፍያ መሰላቸውና «ፉ» አሉት፤ ጀርመኖች «ሯጭ» ብለው ተገላገሉ፤ ጣሊያኖች «አልፊየሬ»፣ ባንዲራ ያዥ፣ አሉት። ስፔኖች ትርጉሙን ሳይነኩ «አልፊል» ብለው የዐረቡን ድምፅ አቆዩ። ሩሲያውያን ግን ዛሬም «ስሎን» ይላሉ፤ ዝሆን ማለት ነው። ከሁሉም አገር በላይ የዓለም ሻምፒዮኖችን ያፈራችው አገር ልጆቿን በዝሆን አስተምራለች ማለት ነው።

እኛስ? እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ተከትለን «ጳጳስ» ብንል፣ ዝሆንን ለሚያውቅና የጥንቱን ስም ለያዘ አገር ልጅ የእንግሊዞችን የዓይን ስሕተት ማውረሳችን ነው። ጳጳስን በመስቀልና በጸሎት የሚያውቅ ልጅ፣ ጳጳስ ፈረስ በላ የሚል ዓረፍተ ነገር ሲሰማ የሚረበሸው ደግሞ በከንቱ አይደለም። እኔ «ዝሆን» እላለሁ። በመጽሐፉ ጥግ ላይ ጠጠሩ ለምን አናቱ ላይ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ በሁለት መስመር መጻፍ ይበቃል።

ማዕዘን ላይ የሚቆመው ጠጠር ታሪክም የዝሆኑን ይመስላል። በህንድ ሰረገላ ነበር። ፋርሶች «ሩኽ» አሉት፣ እሱም ሰረገላ ነው። አውሮፓውያን ትርጉሙን አላወቁትም፤ በጣሊያንኛ «ሮካ» ማለት ምሽግ ስለሆነ ድምፁን ሰምተው ምሽግ አደረጉት። ሩሲያውያን በጀልባ ስም «ላድያ» ይሉታል። እኛ ደግሞ በጥንቱ ሰንጠረዥ «ደር» ስንለው ኖረናል። እ.ኤ.አ. በ1849 በእንግሊዝ ለገበያ የወጡትና በሻምፒዮኑ በሃዋርድ ስታውንተን ስም የተጠሩት ጠጠሮች ዓለምን ስለ ያዙ፣ ልጁ በእጁ የሚይዘው ቅርጽ ግንብ ነው። ግን ግንብ አይሄድም። ቀጥ ብሎ የሚነዳው፣ የማይዘለውም የማይጠማዘዘውም ሰረገላ ነው። «ሰረገላ» ደግሞ ሕያው የአማርኛ ቃል ነው፤ የፈርዖንን ሠራዊት ታሪክ የሰማ፣ በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ያለውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ያወቀ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ቅርጹን አይቶ «ግንብ» የሚል ልጅ ቢኖር አልቆጣውም፤ መጽሐፉ ግን «ሰረገላ» ቢል አካሄዱን በስሙ ውስጥ ያስተምራል።

ከሁሉም የበለጠ ታሪክ ያለው ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ነው። በፋርስ «ፈርዚን» ይባል ነበር፣ አማካሪ ማለት ነው። በዐረብኛ «ፊርዝ»፣ በእኛ «ፈርዝ»፣ በሩሲያኛ እስከ ዛሬ «ፌርዝ»። ዘመናዊ ዐረቦችና ኢራናውያን «ወዚር» ይሉታል፤ በዱባይ ወይም በጅዳ የሚያድግ ልጅ ይህን ስም ሳይሰማ አይቀርም። በእኛ ቤተ መንግሥት ለዚህ ሰው የተሰጠው ማዕረግ ቢትወደድ ነበር፤ «ብሕት ወደድ»፣ ብቻውን የተወደደ። ይህ አማካሪ በጥንቱ ጨዋታ ደካማ ነበር፦ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፣ ከንጉሡም ብዙ አይርቅም።

አውሮፓ ሲገባ ሴት ሆነ። በስዊዘርላንድ አይንዚደልን ገዳም በተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ1000 ዓመት አካባቢ በተጻፈ የላቲን ግጥም ውስጥ አስቀድሞ «ንግሥት» ተብሏል። አካሄዱ ግን አሁንም አንድ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1475 አካባቢ በስፔን፣ በቫሌንሲያ፣ ሕጉ ተለወጠና ንግሥቲቱ በየአቅጣጫው እስከ ሰሌዳው ጠርዝ መሄድ ቻለች፤ ዝሆኑም በዚያው ዘመን ርቆ መንሸራተት ጀመረ። ሉሴና የሚባል ስፔናዊ እ.ኤ.አ. በ1497 በሳላማንካ ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ከተረፉት የታተሙ የቼዝ መማሪያዎች የመጀመሪያው ሲሆን፣ አዲሱን ሕግና አሮጌውን ለይቶ ያሳያል። ወሬው ወደ እኛ አልደረሰም ወይም አላስፈለገንም፤ የአገራችን ሰንጠረዥ ፈርዝን በአሮጌው አካሄድ ይዞ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመንና ከዚያም በኋላ ዘለቀ። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ቼዝ ይጫወቱ እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ለአንድ ጣሊያናዊ ጸሐፊ ተነግሮታል። ሰዓሊው ባደገበት አገር ንግሥቲቱ እየበረረች ነበር፤ በንጉሠ ነገሥቱ ሰሌዳ ላይ ግን ፈርዝ አንድ ቤት ብቻ ይራመድ ነበር።

አሁን ወደ መንደራችን። ልጆቻችን በቆርኪ የሚጫወቱት ዳማ በምን ስም ነው የሚጠራው? በሮማይስጥ ቋንቋዎች «ዳማ» ወይም «ዳም» እመቤት ማለት ነው፤ ሥሩ የላቲኑ «ዶሚና» ነው። በፈረንሳይኛ፣ በስፔንኛና በጀርመንኛ የቼዟ ንግሥት ስም ይኸው ነው። የጨዋታ ታሪክ ጸሐፊው እንግሊዛዊው ኤች. ጄ. አር. መሪ፣ የዳማ ቆርኪ በሰያፍ አንድ ቤት መራመዱን ከፈርዝ የወረሰው እንደ ሆነ ይናገራል፤ በመካከለኛው ዘመን ፈረንሳይ የዳማ ጨዋታ በፈርዝ ስም ይጠራ እንደ ነበርም ያስረዳል። እንግዲህ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ቆርኪ የሚገፋ ልጅ ሳያውቀው በፈርዝ ሠራዊት እየተጫወተ ነው። ቼዝን ለዚህ ልጅ ማስተማር ስንፈልግ ከባዶ አንጀምርም። «በዳማ በሰያፍ ትሄዳለህ አይደል? ዝሆንም በሰያፍ ይሄዳል፣ ግን ርቆ ይሄዳል» ማለት ይበቃል። ከውጭ የመጣ አንድም መጽሐፍ ይህን ሊያውቅለት አይችልም፤ የእኛ መጽሐፍ ግን ከዚህ መነሣት አለበት።

ታዲያ በአማርኛ ይህን ጠጠር «ፈርዝ» እንበል ወይስ «ንግሥት»? እዚህ ላይ የጥንቱን ስም እተወዋለሁ። ዛሬ በሰሌዳው ላይ ያለችው የ1475ቱ ንግሥት ናት፣ አማካሪው አይደለም፤ ስሙም አካሄዱን መከተል አለበት። ኢትዮጵያም ሥልጣን የያዙ ሴቶችን ታውቃለች። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገር አስተዳድረዋል፤ እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1896 በአድዋ ዘመቻ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል። «ንግሥት በየአቅጣጫው ትዘምታለች» የሚለውን ለማመን ሴት ልጆቻችን ሩቅ ማየት አያስፈልጋቸውም። ፈርዝ በታሪክ ማስታወሻው ውስጥ ይቀመጥ።

አንድ ችግር ይቀራል፤ የቤቶቹ ስም። እ.ኤ.አ. በ1737 የሐለቡ ሰው ፊሊፕ ስታማ በፓሪስ ባሳተመው መጽሐፍ ቤቶችን በፊደልና በቁጥር መጥራት አስለመደ፤ ዛሬ ዓለም የሚጠቀመው ያን ዘዴ አሻሽሎ ነው። ስምንት የላቲን ፊደላት፣ ስምንት ቁጥሮች። በእኛ ፊደል እንተካው የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ ልክ ስምንት ናቸው። ግን ጮክ ብለው ሲጠሩት ይፈርሳል። «ሀ4» እና «ሐ4»፣ «ሠ5» እና «ሰ5» በአማርኛ ጆሮ አንድ ናቸው። በአበገደ ቅደም ተከተል ብንሄድም «ሀ» እና «ሐ» አምስተኛና ስምንተኛ ሆነው ይገናኛሉ። ከግእዝ እስከ ሳብዕ ባሉት የሆሄ ደረጃዎች እንጠቀም ቢባል ሰባት ናቸው፤ አንድ ይጎድላል። ስለዚህ ለቤቶቹ የዓለሙን የላቲን ፊደላት መያዝ ይሻላል። ልጁ ነገ ከየትኛውም አገር ልጅ ጋር ይጫወታልና ይህ ጉዳት የለውም። ለጠጠሮቹ የራስን ስም መስጠት፣ ለቤቶቹ የጋራውን ምልክት መጠቀም፣ ሩሲያውያንም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

እንዲህ ያለ የአማርኛ መጽሐፍ እስኪዘጋጅ ድረስ የሚገዛው የውጭ መጽሐፍ ነው። ዝነኛው «ቦቢ ፊሸር ቼዝ ያስተምራል» እ.ኤ.አ. በ1966 ወጣ፤ ፊሸር ከስቱዋርት ማርጉሊስና ከዶን ሞሰንፌልደር ጋር ነው የጻፈው። ጥያቄ ያቀርባል፣ ልጁ ያስባል፣ ገጹን ሲገልጥ መልሱን ያገኛል። አካሄዱን የሚያሳየው በቀስት ስለሆነ እንግሊዝኛው ጥቂት የሆነ ልጅም ይከተለዋል። ነገር ግን አብዛኛው ገጽ ንጉሥን በመጨረሻው ረድፍ ላይ ማት ስለ ማድረግ ነው፤ እግረኛን ማክበር አያስተምርም። ስለዚህ ሁለተኛ መጽሐፍ እንጂ የመጀመሪያ አላደርገውም። የሦስቱ የፖልጋር እህትማማቾች አባት ላስሎ ፖልጋር ያዘጋጀው ባለ 5334 እንቆቅልሽ ጥራዝ ደግሞ በ306 የአንድ እርምጃ ማቶች ይጀምራል። ቃል የለውም ማለት ይቻላል፤ ለየትኛውም ቋንቋ ልጅ ይሆናል፣ ግን አካሄዱን አስቀድሞ ላወቀ ልጅ ነው። ሩሲያኛ የሚያነብ ወላጅ የአቨርባክንና የቤይሊንን የልጆች መጽሐፍ «ጉዞ ወደ ቼዝ መንግሥት» ቢያገኝ ሌላ አይፈልግ። አቨርባክ ታላቅ ተጫዋች ብቻ ሳይሆን የቼዝ ታሪክ ተመራማሪም ነበርና ጠጠሮቹ ከየት እንደ መጡ ያውቅ ነበር።

መጽሐፍ መደብር ስትገቡ ግን በደራሲው ዝና አትመሩ። ክፈቱና እግረኛ የሚገባበትን ምዕራፍ ፈልጉ። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ስድስቱንም ጠጠሮች በአንድ ላይ ከዘረገፈ መልሱት። አንዱን ጠጠር አስተዋውቆ፣ በእሱ ብቻ አጫውቶ፣ ከዚያ ሁለተኛውን የሚጨምር ከሆነ ያዙት። ሥዕሎቹ ትልልቅ ይሁኑ፤ በአንድ ገጽ ከአራት ሰሌዳ በላይ የታጨቀበት ለትንሽ ልጅ ዓይን ይከብዳል። የመክፈቻ ስሞችን የሚያሸመድድ መጽሐፍ ለጀማሪ አይሆንም። ቤት ስትደርሱ እርሳስ አንሡና በየጠጠሩ ሥዕል አጠገብ እግረኛ፣ ፈረስ፣ ዝሆን፣ ሰረገላ፣ ንግሥት፣ ንጉሥ ብላችሁ በአማርኛ ጻፉ፤ ልጁ ራሱ ቢጽፍ ደግሞ የተሻለ ነው። ማተሚያ ቤት ያላችሁና ለልጆች የምትጽፉ ወገኖች ሆይ፣ ይህን እርሳስ የማያስፈልገው መጽሐፍ አዘጋጁልን፤ በሽፋኑም ላይ «ሰንጠረዥ» ብላችሁ ጻፉበት።